ለጥበቃ በተከለለ መሬት ላይ የሚነሣው የባለይዞታ አቤቱታ እንዴት እንደሚሰማ

መሬትን ከጎርፍ ለመጠበቅ የሚደረገው ሥራ ሁሉ የሚደረገው አንድ ሰው በያዘው መሬት ላይ ነው። ዕቅዱ የመንግሥት፣ ጉልበቱ የሕዝብ፣ ጥቅሙም የታችኛው አገር ሊሆን ይችላል፤ ነገር ግን እርከኑ የሚወስደው ስፋት ከባለይዞታው ማሳ ይቀነሳል፤ ጋራው ሲከለልም የሚባረረው የእርሱ ከብት ነው። እንግዲህ ይህ ሰው «ተበደልሁ» ብሎ ወደ ሹም ቢመጣ ሊያስደንቀን አይገባም። ይልቁንም አቤቱታ ፈጽሞ የማይመጣበትን ቀበሌ ጠጋ ብሎ መመርመር ይሻላል፤ በደል የሌለበት ሊሆን ይችላል፤ ሰሚ የጠፋበትም ሊሆን ይችላልና።

ይህ ትምህርት የተዘጋጀው በደብረ ታቦርና በዙሪያዋ በሚገኙት የደቡብ ጎንደር ወረዳዎች እርሻንና የመሬት አስተዳደርን ለሚመሩ ሹማምንት ነው። ስለ እርከን አሠራር ሹማምንቱ ብዙ ተምረዋል፤ እዚህ የምንናገረው በእርከኑና በክልከላው ምክንያት ስለሚነሣው ክርክር ነው። ክርክሩ መልኩ ቢበዛም ሲመረመር ከሁለት ጥያቄዎች አያልፍም። አንደኛው፣ መሬቱ የተጎዳው በማን ጥፋት ነው የሚል ነው። ሁለተኛው፣ የተከለለው መሬት አገገመ ተብሎ የሚከፈተው መቼ ነው የሚል ነው። ሁለቱንም ሕጉ በቁጥር አልወሰናቸውም፤ ለሰው ፍርድ ተዋቸው። ፍርዱን ደግሞ ያው የከለለው ሹም ሊሰጥ አይገባውም፤ የዚህ ጽሑፍ ዋና ነገር ይኸው ነው።

የአገሩ አቀማመጥ ራሱ ክርክርን ያመጣል። የጉና ተራራ ከ4,100 ሜትር በላይ ከፍ ብሎ ከደብረ ታቦር በደቡብ ምሥራቅ በኩል ይገኛል። ርብና ጉማራ ከዚሁ ተራራ ተነሥተው የፎገራን ሜዳ አቋርጠው ወደ ጣና ይወርዳሉ። በክረምት ከላይ የታጠበው አፈር ከታች ደለል ይሆናል፤ ሩዝ የሚዘራው የፎገራ ገበሬ ደለሉ በጥቂቱ ሲመጣ ይወደዋል፤ በብዛት ሲመጣ ግን ማሳውና ቤቱ ይጥለቀለቅበታል። ከላይ በፋርጣ፣ በእስቴና በላይ ጋይንት ያለው ባላገር ደግሞ ገብሱንና ድንቹን የሚያበቅለው በዚያው በሚታጠበው ተዳፋት ላይ ነው። ስለዚህ የላይኛው ሰው ጋራውን ቢከልል ብዙውን ጊዜ ፈጥኖ የሚጠቀመው የታችኛው ነው፤ የታችኛው ግን ለላይኛው የሚከፍለው ነገር የለም። አቤት ባዩ ይህን በግልጽ ባይናገረውም፣ ከነገሩ ሥር አለ።

የበጌምድር ሰው ለመሬት ክርክር እንግዳ አይደለም። በርስት ዘመን ከአጥቢያ ዳኛ ተነሥቶ፣ ስንቁን ቋጥሮ፣ በይግባኝ እስከ ዙፋን ችሎት ድረስ የሚሄድ ባላገር ነበር። የካቲት 1967 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 31 የገጠር መሬት የሕዝብ ሀብት ሲሆን የርስት ክርክር ቀረ፤ የገበሬ ማኅበራትም በኋላ ከነፍርድ ሸንጓቸው ተቋቋሙ። በዚያ መንግሥት ዘመን በምግብ ለሥራ ብዙ እርከን ተሠራ፤ ብዙ ጋራ ተከለለ፤ ብዙ ዛፍም ተተከለ። ሥራው ሰፊ ነበር። ነገር ግን መከልከሉም፣ ሥራውን ማዘዙም፣ አቤቱታውን መስማቱም ባንድ የገበሬ ማኅበር ውስጥ ስለ ነበረ፣ ቅር ያለው ሰው የሚሄድበት ሌላ በር አልነበረውም። በ1983 ዓ.ም. መንግሥቱ ሲለወጥ በብዙ ሥፍራ ሕዝቡ የማኅበሩን ደን ቈረጠ፣ እርከኑንም አፈረሰ። ያን ጊዜ የፈረሰውን እርከን ያፈረሰው ዝናብ አልነበረም።

ከዚያም በፊት፣ በ1960 ዓ.ም. ከዓባይ ማዶ በጎጃም፣ ስለ እርሻ ገቢ ግብር በወጣው አዋጅ ምክንያት «መሬታችንን ሊለኩ መጡብን» ብሎ ሕዝቡ እስከ ማመፅ ደርሶ ነበር። በ1989 ዓ.ም. ደግሞ በአማራ ክልል የመሬት ሽግሽግ ተደርጎ ካንዱ ተቀንሶ ለሌላው ተሰጥቷል። ይህን ሁሉ ያየ ወይም ከአባቱ የሰማ ባላገር፣ ሹሙ ሜትር ይዞ መጥቶ «ለጊዜው ነው የምንከልለው» ቢለው በጥርጣሬ ያዳምጠዋል። ጥርጣሬውን እንደ ድንቁርና የሚቈጥር ሹም ነገሩን ከመጀመሪያው ያበላሸዋል።

አሁን ወደ ሕጉ እንምጣ። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 40 መሬት የመንግሥትና የሕዝብ መሆኑን ደንግጎ፣ ለገበሬው ግን መሬት በነጻ የማግኘትና ካለአግባብ ያለመነቀል መብት ሰጥቶታል፤ በጉልበቱ ወይም በገንዘቡ በመሬቱ ላይ ያደረገውም ቋሚ ማሻሻያ የእርሱ ነው። ባለይዞታው በገዛ እጁ የሠራው የድንጋይ እርከንና የተከለው ዛፍ ከዚህ ውስጥ ይገባሉ። ደግሞም አንቀጽ 44 መንግሥት በሚያካሂደው ሥራ ምክንያት ኑሮው ለተናጋ ሰው ተመጣጣኝ ካሣ ይገባዋል ይላል።

በ1997 ዓ.ም. የወጣው የገጠር መሬት አስተዳደርና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 456 ይህን በዝርዝር አስፍቶት ነበር። በአንቀጽ 13 እንደ ተጻፈው፣ ተዳፋትነቱ ከ31 እስከ 60 በመቶ በሆነ መሬት ላይ ዓመታዊ ሰብል የሚዘራው ጠረጴዛማ እርከን ሲሠራበት ብቻ ነበር፤ ከ60 በመቶ በላይ የሆነው ደግሞ ለዛፍ፣ ለቋሚ ተክልና ለመኖ እንጂ ለእርሻና ለልቅ ግጦሽ አይውልም ነበር። እጅግ የተጎዳ መሬት ተዳፋትነቱ ምንም ይሁን ምን ከሰውና ከከብት ንክኪ ተከልሎ እንዲያገግም፣ ማገገሙም ሲረጋገጥ ወደ ጥቅም እንዲመለስ ታዘዘ። ጉዳቱ በተጠቃሚው ቸልተኝነት የመጣ ካልሆነ በቀር፣ መሬቱ ተዘግቶ በሚቈይበት ጊዜ ካሣ ወይም ሌላ አማራጭ ይሰጠው ተባለ። ይህ አዋጅ በ2016 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 1324 ተተክቷል፤ ክልሉም በ1992፣ በ1998 እና በ2009 ዓ.ም. የራሱን የመሬት አዋጆች በተከታታይ አውጥቷል። ሹሙ ዛሬ ሲወስን አዲሱን አዋጅና የክልሉን ሕግ በእጁ ይዞ መሆን አለበት። ሆኖም ብዙው ጋራ የተከለለው በቀድሞው አዋጅ ዘመን ስለ ሆነ፣ ያን ጊዜ ለባለይዞታው ምን ቃል ተገብቶለት እንደ ነበር ለማወቅ የቀድሞው ቃል መታየቱ አይቀርም።

እዚህ ላይ ስለ ልክ አንድ ነገር ሳንናገር ማለፍ አይገባንም፤ ከሚቀርቡት አቤቱታዎች ባንዳንዱ ውስጥ ሹሙና ባላገሩ የሚጣሉት በቁጥሩ ሳይሆን በቁጥሩ ስም ነውና። 60 በመቶ ማለት 60 ዲግሪ ማለት አይደለም። 60 በመቶ በአግድም በተለካ በየ10 ሜትሩ 6 ሜትር የሚወጣ ተዳፋት ሲሆን በዲግሪ 31 ያህል ነው፤ 30 በመቶም ወደ 17 ዲግሪ ገደማ ነው። በመሣሪያው ላይ ሁለቱም ቁጥሮች ጎን ለጎን ስለሚጻፉ፣ 35 ዲግሪ ያነበበ ሠራተኛ «35 በመቶ» ብሎ ቢጽፍ፣ መታረስ የማይገባው ገደል በእርከን እንዲታረስ ይፈቀዳል፤ በተገላቢጦሹም 35 በመቶ የሆነውን 35 ዲግሪ ነው ያለ ሠራተኛ ሊታረስ የሚችለውን መሬት ከገበሬው እጅ ያወጣል። ሰሚው ሸንጎ መሣሪያ ባይኖረው እንኳ ገመድና የውኃ ልክ ይበቃዋል፤ ገመዱን በአግድም 2 ሜትር ወጥሮ ከጫፉ እስከ መሬት ያለውን ቁመት ቢለካ፣ 1 ሜትር ከ20 ሳንቲ ሜትር ከሆነ ተዳፋቱ 60 በመቶ ነው። ልኬቱም ባለይዞታው እያየ፣ ገመዱንም ራሱ ይዞ ቢሆን፣ ክርክሩ በዚያው በማሳው ላይ ሊያልቅ ይችላል።

የመጀመሪያው ጥያቄ፣ ማለት የጥፋቱ ጉዳይ፣ ከባዱ ነው። ነገሩን ለማስረዳት አንድ ምሳሌ እናንሣ። አንድ ሽማግሌ ባለይዞታ መሬቱ ቦረቦር ስለ ወጣበት ተከለለበት እንበል። የእርሻ ሠራተኛው «ያለ እርከን ሽቅብና ቍልቍል እያረሱ ያጠቡት እርስዎ ነዎት፤ ካሣ አይገባዎትም» አለው። ሽማግሌውም «ልጄ፣ እኔ ፈሰስ ያወጣሁት ውኃው ከላይ ስለ መጣብኝ ነው፤ ከላይ ያለውን ሂድና እየው» ብሎ መለሰ። በዚህ አገር ገበሬው በማሳው ላይ አግድም የሚያወጣው ፈሰስ ትርፍ ውኃን ለማስወገድ ከጥንት ጀምሮ የቆየ ዘዴ ነው፤ ነገር ግን ያንዱ ፈሰስ የሌላውን ማሳ ይቈርጣል። አዲሱም እርከን እንዲሁ ነው፤ ውኃው የሚወርድበት ቦይ ሳይዘጋጅለት ከተሠራ፣ የተጠራቀመው ጎርፍ ባንድ ቦታ ሰብሮ ወደ ጎረቤት ይገባል። ከመንገድ ቱቦ የሚወጣውም ውኃ እንደዚሁ ባንድ ክረምት ቦረቦር ይቈፍራል። እንግዲህ ቸልተኝነት ነው ከማለት በፊት ሰሚው ሽቅብ መውጣት አለበት፤ ውኃው ከየት ተነሣ፣ ማን አዞረው፣ መቼ አዞረው ብሎ መመርመር አለበት። የመሬቱን ቍስል ብቻ አይቶ ባለቤቱን መውቀስ ፍርድ አይደለም።

ከዚህም ጋር የሚያርሰውና የሚይዘው ሰው አንድ አለመሆኑ ሊታሰብ ይገባል። በክልሉ የይዞታ ማረጋገጫ ደብተር ላይ የባልና የሚስት ስም አብሮ ይጻፋል፤ ባሏ የሞተባት ሴት ግን በሬና ጉልበት ስለማይኖራት መሬቷን ለእኩል አራሽ መስጠቷ የተለመደ ነው። አራሹ ለዘንድሮ ምርት እንጂ ለከርሞ አፈር ላያስብ ይችላል፤ እርከኑን በማረሻ ቢጥሰው ቅጣቱ የሚወርደው ደብተሩ በስሟ በሆነው ሴት ላይ ነው። ሰሚው አራሹን ሳይጠራ፣ የእኩል ውላቸውም እርከን መጠበቅን ይጨምር እንደ ሆነ ሳይጠይቅ ቢፈርድ፣ ደካማዋን ለብርቱው ጥፋት ማስከፈል ይሆናል።

በእኛ አስተያየት ቸልተኝነት አለ የሚለው ወገን ማስረዳት ያለበት እርሱ ነው። የቀድሞው አዋጅ አነጋገር ካሣን መሠረት፣ ቸልተኝነትን ግን ልዩ ሁኔታ አድርጎ ነበርና፣ ልዩ ሁኔታን የሚጠራ ሰው ማስረጃውን ያምጣ ማለት ከአነጋገሩ ጋር ይስማማል። ሌላም ምክንያት አለ፤ ቃለ ጉባኤው፣ ካርታው፣ የልኬቱ መዝገብ፣ ሁሉም ያለው በጽሕፈት ቤቱ ሣጥን ውስጥ ነው። ባላገሩ በእጁ ያለው ደብተሩና ጎረቤቱ ብቻ ነው።

በአሜሪካ አገር ያለው ሥርዐት በዚህ ረገድ ለማነጻጸር ይጠቅማል። በዚያ ባለመሬቱ መሬቱን ከእርሻ አሳርፎ በሣርና በዛፍ ሊሸፍነው ከ10 እስከ 15 ዓመት የሚቈይ ውል ከመንግሥት ጋር ይዋዋላል፤ በየዓመቱም ኪራይ ይከፈለዋል። ውሉን አፍርሰሃል ተብሎ ክፍያው ቢቀርበት የሚሰማው እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1994 በወጣ ሕግ የቆመ የይግባኝ ክፍል ነው። ይህ ክፍል በእርሻ ሚኒስቴሩ ውስጥ ቢሆንም ውሳኔውን ከሰጡት መሥሪያ ቤቶች በታች አይደለም፤ ተጠሪነቱ በቀጥታ ለሚኒስትሩ ነው። አቤቱታው በ30 ቀን ውስጥ ይቀርባል፤ በክፍሉ ውሳኔ ቅር ያለው ወደ ፍርድ ቤት ሊሄድ ይችላል። ከዚያ ሥርዐት የምንወስደው የሰሚውን ነጻነት ነው። የማስረዳቱን ሸክም በአቤት ባዩ ላይ ማድረጉን ግን እንዳለ ብንወስደው አይስማማንም፤ የዚያ አገር ባለመሬት የተፈረመ ውሉንና ደብዳቤውን በቤቱ ይይዛል፤ የእኛ ባላገር ግን መሬቱ ሲከለል በስብሰባ እጁን አንሥቶ ወደ ቤቱ የሄደ ነው።

ሁለተኛው ጥያቄ፣ መሬቱ መቼ ይከፈታል የሚለው፣ ከመጀመሪያው ይልቅ ብዙ ቅሬታ ያመጣል። ከ2003 ዓ.ም. ጀምሮ በየዓመቱ በበጋ የሚደረገው የተፋሰስ ልማት ዘመቻ ብዙ ጋራ እንዲከለል አድርጓል። ሲከለል «እስኪያገግም» ይባላል፤ ማገገም ምን እንደ ሆነ ግን አይጻፍም። ሣሩ ጕልበት ከደረሰ፣ ችግኙም ከጸደቀ በኋላ፣ ጋራው በውል ለሥራ አጥ ወጣቶች ማኅበር ለንብ ማነቢያ ወይም ለዛፍ ሊሰጥ ይችላል። ወጣቶቹ መሬት የሌላቸው የዚያው አገር ልጆች ስለ ሆኑ ጥያቄያቸው እውነት ነው። ነገር ግን ቀድሞ ከብቱን በዚያ የሚያሰማራውና ሲከለል «ለጊዜው ነው» የተባለው ሰው ሳይጠየቅ ከቀረ፣ ጊዜያዊው ክልከላ ዘላቂ መንጠቅ ሆነበት ማለት ነው። እንዲህ ያለው አቤቱታ ሲመጣ ሰሚው መጀመሪያ መጠየቅ ያለበት የወጣቶቹን ውል አይደለም፤ ከዚያ በፊት የነበረውን የመከለያ ቃለ ጉባኤ ነው። በዚያ ላይ የዓመቱ ብዛት፣ የማገገሙ ምልክት፣ ሣሩን በመስከረምና በጥቅምት የሚያጭደው ማን እንደ ሆነና ድርሻው ስንት እንደ ሆነ ካልተጻፈ፣ ጥፋቱ የጽሕፈት ቤቱ ነው፤ የቃል ምስክርም ለባላገሩ ሊረዳው ይገባል።

አቤቱታ ሁሉ ባንድ በር አይገባም። በሁለት ጎረቤታሞች መካከል ስለ ወሰን ወይም ስለ ፈሰስ የተነሣ ጠብ ሲሆን በሽማግሌ ይታያል፤ ሽማግሌ ካላስማማው ወደ ወረዳው ፍርድ ቤት ይሄዳል። መሬቱ ለሕዝብ ጥቅም ፈጽሞ የሚወሰድ ሲሆን ግን ነገሩ ከክልከላ አልፎ የማስለቀቅ ጉዳይ ነው፤ በ2011 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1161 ባለይዞታው ትእዛዙ ከደረሰው ጀምሮ በ30 ቀን ውስጥ ለአቤቱታ ሰሚው አካል፣ ከዚያም በ30 ቀን ውስጥ ለይግባኝ ሰሚው ጉባኤ፣ በመጨረሻም ለፍርድ ቤት እንዲያመለክት መንገድ አበጅቷል። አዋጁ በ2016 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 1336 ስለ ተሻሻለ ሁለቱን አብሮ ማንበብ ያስፈልጋል። በ1997 ዓ.ም. የተጀመረው የልማታዊ ሴፍቲኔት ሥራ በገባባቸው እንደ ላይ ጋይንት፣ እንደ ስማዳና እንደ እብናት ባሉት ወረዳዎች ደግሞ የቀበሌ ቅሬታ ሰሚ ኮሚቴ አለ፤ እርሱ የሚሰማው ስለ ተረጂነትና ስለ ክፍያ እንጂ ስለ መሬት አይደለም። የመሬት አቤቱታ የያዘ ሰው በስሙ ተመርቶ ወደዚያ ቢሄድ በከንቱ ይመላለሳል። የተቀበለው ሹም «የእኛ አይደለም» ብሎ መመለስ አይበቃውም፤ የማን እንደ ሆነ ጽፎ መስጠት ይገባዋል።

በመካከል የሚቀረው፣ ማለት በክልከላው፣ በቅጣቱና በማገገሙ ላይ የሚነሣው አቤቱታ፣ በቀበሌው የመሬት አስተዳደርና አጠቃቀም ኮሚቴ ይጀመራል። ችግሩ ብዙ ጊዜ ጋራውን ያስከለሉት የኮሚቴው አባሎች ራሳቸው መሆናቸው ነው። በትንሽ ቀበሌ ውስጥ ሌላ ሰው ከየት ይመጣል ይባል ይሆናል፤ ነገር ግን ከአጎራባች ቀበሌ ሁለት ሽማግሌና አንድ ባለሙያ መለመን ይቻላል፤ በክልከላው ላይ የፈረመውም ሰው ቃሉን እንደ ምስክር ሰጥቶ ከፍርዱ ሊነሣ ይችላል። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የፌዴራል የአስተዳደር ሥነ ሥርዓት አዋጅ ቁጥር 1183 የሚገዛው የፌዴራል መሥሪያ ቤቶችን ቢሆንም፣ ተጎጂውን ሳይሰሙ አለመወሰንን፣ ምክንያትንም መጻፍን ማዘዙ ለወረዳ ሹምም ጥሩ አርአያ ነው።

የሚታይበት ወራትም ነገር አለው። ሥራው የሚሠራው ከጥር እስከ መጋቢት ስለ ሆነ አቤቱታውም በዚያው በደረቅ ወራት ሲታይ ይገኛል፤ የውኃ ክርክር ግን በሐምሌ ካልታየ አይታወቅም። ጭቃውና የወንዙ ሙላት መንገድ ቢከለክልም፣ አንድ ቀን በዝናብ መካከል በማሳው ላይ መቆም በጽሕፈት ቤት ከሚደረግ ብዙ ቀጠሮ ይበልጣል። ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በክልሉ በተነሣው ግጭት የብዙ ቀበሌ ጽሕፈት ቤት ሥራ ተስተጓጉሏል፤ ጽሕፈት ቤቱ ተዘግቶ የቆየበትን ወራት በባለይዞታው ላይ ቈጥሮ «ቀንህ አልፏል» ማለት በደል ነውና፣ የተዘጋበትና የተከፈተበት ቀን በመዝገብ ይያዝ።

ውሳኔው እንዴት እንደሚጻፍ ለማሳየት የሚከተለውን በምሳሌ አዘጋጅተናል፤ ስሙና ቦታው ለትምህርት የታሰበ ነው። «የእገሌ ቀበሌ ባለይዞታ ወይዘሮ እገሊት ተዳፋት መሬታቸው በየካቲት 2012 ዓ.ም. ለ5 ዓመት መከለሉን ቃለ ጉባኤው ያስረዳል። ዘመኑ ካለፈ በኋላ ይከፈትልኝ ብለው አመልክተዋል። ሐምሌ 8 ቀን 2017 ዓ.ም. ከሁለት የጎረቤት ቀበሌ ሽማግሌዎች ጋር በመሬቱ ላይ ተገኝተን አየን። የላይኛው ክፍል በሣር ተሸፍኗል፤ ውኃውም ጠርቶ ይወርዳል፤ ስለዚህ አገግሟልና አጭደው ከብታቸውን እንዲመግቡበት ተፈቅዷል። የታችኛው ቦረቦር ግን ገና ይናዳል፤ ናዳው የመጣው ከላይ ከመንገዱ ቱቦ በሚወርደው ውኃ እንጂ በእርሳቸው ቸልተኝነት አለመሆኑን ስላረጋገጥን፣ ለተጨማሪ 2 ዓመት ተከልሎ ሲቈይ ከተከለለው የወል ጋራ ሣር ድርሻ እንዲሰጣቸው ወስነናል። በዚህ ቅር ቢላቸው ለወረዳው ማመልከት የሚችሉበት ቀን ተነግሯቸዋል። የውሳኔው ግልባጭ በእጃቸው ተሰጥቷል፤ የተቀበሉበትም ቀን ከዚህ በታች ተጽፏል።»